የጫጉላ በረራ፦ የትኛው ክፍል ያዋጣል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የጥር ሠርጋችሁን ጨርሳችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ የመቐለ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ሙሽሮች፣ የዛሬው ጥያቄ የእናንተ ነው፤ ለረጅሙ በረራ የትኛውን ክፍል እንምረጥ?

ከአሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ ለዚያ ተጨማሪ ብር አታውጡ። ቁም ነገሩ ከቦሌ ወዲያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አንደኛ ማዕረግ የለውም፤ ከኢኮኖሚ በላይ ያለው ክላውድ ናይን የተባለው ቢዝነስ ክፍል ነው።

በቦይንግ 787 የዚህ ክፍል ወንበሮች ሁለት ሁለት ሆነው ስለተደረደሩ ጥንዶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አየር መንገዱ በ2017 ዓ.ም. የተረከበው ኤርባስ ኤ350-1000 ላይ ግን የመስኮት ወንበር ለብቻ ነው፤ መሃለኞቹን ሁለቱን ያዙ። ኳታር ኤርዌይስ ደግሞ ኪውስዊት የተባለው ቢዝነስ ክፍል ባላቸው አውሮፕላኖቹ የተወሰኑ መሃል ወንበሮችን ወደ ጥንድ አልጋ ይቀይራል።

ታዲያ ያዋጣል? ሌሊቱን ሙሉ የምትበሩ ከሆነ፣ አዎ። የቀን በረራ ከሆነ በኢኮኖሚ ሄዳችሁ የተረፈውን ለሆቴል አውሉት።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን የትኬት ቢሮውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አውሮፕላኑ የትኛው ነው? ወንበሩስ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል? መልካም ጫጉላ!