ለሥራ ከተማ ስትገቡ የት ሰፈር ትኖራላችሁ?

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው ትምህርታችን ፊደል ስለ መቁጠር ብቻ አይደለም። የቆጠርነው ፊደልና የተማርነው ሒሳብ በኑሮአችን ውስጥ ምን እንደሚሠራልን የምናይበት ነው።

ከእናንተ መካከል ሥራ አግኝቶ፣ ወይም በሥራ ተዛውሮ ወደ ከተማ የሚገባ ብዙ ሰው አለ። ከሥራው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የት ልኑር?» የሚለው ነው። እኔ ለምሳሌ የምጠቅሰው አዲስ አበባን ነው። ምክሩ ግን ለአዳማም፣ ለሐዋሳም፣ ለባሕር ዳርም ያገለግላል።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀድመው። ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ሰፈር ምረጡ። ሰፈር ስትመርጡም ኪራዩን ብቻ አትዩ። መንገዱን፣ ውሃውን፣ ጎረቤቱንና ውሉን እዩ። ያያችሁትን ጻፉ፤ የጻፋችሁትን አስሉ። ከዚያ በኋላ ወስኑ።

አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም። አናጢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ሚስቱንና የአራት ዓመት ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሥራው ቦሌ በኩል ነበር። ደላላው በአንድ ቀን ውስጥ ኮልፌ በኩል፣ ወንዝ ዳር፣ አንድ ክፍል ቤት አገኘለት። ኪራዩ ርካሽ ነው ተባለ፤ እሱም ደስ አለው። ማንበብ ስለማይችል ውሉን በአውራ ጣቱ ፈረመ። ከዚያስ ምን ሆነ? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይገባ ጀመር። ልጁን የሚያየው ተኝቶ ነው። ከኪራዩ አተረፍኩ ያለውን ገንዘብ ታክሲ በላው። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ወንዙ ሞላና ውሃው እስከ አልጋው እግር ደረሰ። «ልውጣ» ቢል የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሞ ከፍሏል። ውሉም «ተከራይ ቢወጣ ገንዘቡ አይመለስም» ይላል። ይህን የሰማው ሌላ ሰው ሲያነብለት ነው። ቃሉን የፈረመበት በገዛ ጣቱ፣ የሰማው ግን በሰው አፍ ሆነ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ አይደል? እንግዲህ እኛ ሳንሮጥ፣ አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛ፤ መንገዱ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰዉ የሰፈረው በየመኳንንቱ ዙሪያና በየሥራው አጠገብ ነበር። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው። ሠራተኛ ሰፈር የሚባለው ስም እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ ግን ከተማዋ በ11 ክፍለ ከተማ የተከፈለች ሰፊ ከተማ ናት። ሥራ በአንዱ ዳር፣ ቤት በሌላው ዳር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በከተማዋ ምሥራቅ ዳር ነው። አየር ጤና በምዕራብ በኩል ነው። ቦሌ ለሚ እየሠራ አየር ጤና የሚከራይ ሰው በየቀኑ ከተማዋን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል ማለት ነው።

እስቲ አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ደብተራችሁን ግለጡ። ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል «ሩቅ ቤት»፣ በቀኝ በኩል «ቅርብ ቤት» ብላችሁ ጻፉ። ቁጥሮቹን ያመጣኋቸው ለመልመጃ ነው፤ እናንተ የሰፈሩን እውነተኛ ዋጋ ጠይቃችሁ ተኩት።

የሩቁ ቤት ኪራይ በወር 4,000 ብር ነው እንበል። ለመሄድ ሁለት ታክሲ፣ ለመመለስ ሁለት ታክሲ ያስፈልጋል። አንዱ ታክሲ 20 ብር ቢሆን በቀን 80 ብር ይወጣል። በወር 26 የሥራ ቀን ብንይዝ 2,080 ብር ነው። ከኪራዩ ጋር ሲደመር 6,080 ብር ሆነ።

የቅርቡ ቤት ኪራይ 5,500 ብር ነው እንበል። ለመሄድ አንድ አውቶቡስ፣ ለመመለስ አንድ አውቶቡስ ይበቃል። አንዱ ጉዞ 10 ብር ቢሆን በቀን 20 ብር፣ በ26 ቀን 520 ብር ነው። ከኪራዩ ጋር 6,020 ብር ሆነ።

አያችሁ? በ1,500 ብር ይረክሳል የተባለው ቤት በ60 ብር ተወደደ! ገና ጊዜውን አልቆጠርንም። ከሩቁ ቤት በቀን 3 ሰዓት፣ ከቅርቡ 1 ሰዓት መንገድ ላይ ብትቆዩ ልዩነቱ በቀን 2 ሰዓት ነው። በወር 52 ሰዓት ይሆናል። ይህ ከስድስት የሥራ ቀን ይበልጣል። ይህን ጊዜ ማንም አይከፍላችሁም። ልጅ የምታስጠኑበት፣ የምታርፉበት፣ እናንተም የምትማሩበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ መንገዱን ራሳችሁ ሞክሩት። በእሑድ ሳይሆን በሥራ ቀን፣ ጧት ሥራ በሚገባበት ሰዓት ከሰፈሩ ተነሥታችሁ እስከ ሥራችሁ ሂዱ። የተነሣችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ የደረሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ማታም እንዲሁ አድርጉ። ጧት የሞላ ታክሲ ማታ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንዱ መስመሩ ከአያት በመገናኛ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች ይዘልቃል፤ ሌላው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ሐዲድ በአጠገብ አለ ማለት ግን ባቡሩ በፈለጋችሁ ሰዓት ይመጣል ማለት አይደለም። ቆማችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ ቁጠሩ። እንደ መገናኛና እንደ ሜክሲኮ ካሉ ብዙ መስመር ከሚገናኝባቸው ቦታዎች በአንድ ጉዞ የሚደረስበት ሰፈር ቢሆን ይመረጣል። አንዱ መስመር ሲቋረጥ ሌላ አማራጭ አይጠፋም።

ሁለተኛ፤ ውሃው፣ መብራቱና መሬቱ

ቤት የሚያሳያችሁን ሰው «ውሃ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አዎ» ይላችኋላ! «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በየትኛው ቀን? በስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ግቢው ውስጥ ሮቶ አለ ወይ? ወይስ በጀሪካን ነው የምታጠራቅሙት? በኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ከሆነ ውሃው እስከዚያ ይወጣል ወይ? የመብራቱ ቆጣሪ ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት ይከፈላል? መጸዳጃው ለስንት ቤተሰብ ነው? ይህንን ከአከራዩም ከደላላውም ይልቅ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖር ተከራይ በትክክል ይነግራችኋል።

መሬቱንም እዩ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ወደ አቃቂ እየወረደች የምትሄድ ከተማ ናት። ላይ የዘነበው ውሃ ሁሉ በወንዞቹ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በጥር ደረቅ የሆነ ጉድባ በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ነው። ወንዝ ዳር ያለ ቤት ካያችሁ የግድግዳውን ግርጌ ተመልከቱ። ውሃ የደረሰበት ምልክት ተስሎበት ይቀራል። እንደ ሽሮ ሜዳ ያለው የእንጦጦ ግርጌ ብርዱ ይጠናል፤ አቃቂ በኩል ሞቅ ይላል። ሕፃን ወይም ሽማግሌ ያለው ሰው ይህንንም ያስብበት።

ሦስተኛ፤ ቤተሰቡ

ሥራ የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚውለው ግን ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትወስኑ፤ ሚስት ከባሏ፣ ባል ከሚስቱ ጋር ሆናችሁ እዩ። ትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ልጁ ትልቁን አስፋልት ብቻውን ያቋርጣል ወይ? ጤና ጣቢያው የት ነው? ወፍጮ ቤቱ፣ ገበያው፣ የሸማቾች ሱቁስ? ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከታክሲ ማቆሚያው እስከ ቤቱ በእግራችሁ ሂዱ። መብራት አለ ወይ? ሱቆች ክፍት ናቸው ወይ? ሴት ልጅ ብቻዋን ትሄድበታለች ወይ? ይህን ሰፈሩ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ጠይቁ፤ እነሱ ያውቁታል።

አራተኛ፤ ውሉ

እዚህ ላይ ነው ማንበብ የሚፈተነው። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥም በሚመለከተው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አስቀድሞ የሚከፈል ኪራይ ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

ያ አናጢ ወዳጃችን የስድስት ወር ኪራይ ሲከፍል ይህ አዋጅ አልነበረም። ዛሬ አለ። ነገር ግን ሕግ የሚጠቅመው ለሚያውቀው ነው። «ይኸ ሁሉ ምን ያስፈልጋል፤ በቃል እንተማመን» የሚላችሁ ሰው ቢኖር በትሕትና «እንተማመናለን፤ ግን እንጻፈው» በሉት። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የኪራዩ ልክ፣ የጊዜው ርዝመት፣ የውሃና የመብራት አከፋፈል፣ ሁሉም መጻፉን አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ አትፈርሙ፤ አስረዱኝ በሉ። አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ ያዙ።

ሌላም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ሥራ እንደ ፒያሳና እንደ ካዛንቺስ ያሉ የቆዩ ሰፈሮች መልካቸው ተለውጧል። ከዚያ የነበረ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉና ቦታው ለልማት የታሰበ እንደ ሆነ ጠይቁ። ከምትለቁት ቀበሌ ወይም ወረዳም መሸኛ ይዛችሁ ውጡ። ያለ መሸኛ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ብዙ ትንገላታላችሁ።

አምስተኛ፤ ጎረቤቱ

ከሁሉ በኋላ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ዘመዱን አገር ቤት ትቶ ነው የመጣው። ሌሊት ልጅ ቢታመም የማንን በር ያንኳኳል? ሐዘን ቢደርስበት ድንኳኑን ማን ይተክልለታል? በየሰፈሩ ዕድር አለ። በገባችሁ ወር ውስጥ የዕድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ፈልጉ፤ የመግቢያውንና የወሩን መዋጮ ጠይቁ፤ ደንቡን አንብቡ። «ተከራይ ነኝ፤ ነገ እወጣለሁ» ብላችሁ ራሳችሁን አታግልሉ። ነገ ነገ ሲባል አሥር ዓመት ያልፋል። ሰፈሩን ስታዩም በግቢው ያሉት ሰዎች ሰላምታ ሲለዋወጡ ተመልከቱ። ጎረቤት ጎረቤቱን በስሙ የሚጠራበት ሰፈር ቤቱ ጠበብ ቢል እንኳ ይኖርበታል።

ያ አናጢ በኋላ ምን እንደ ሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። ያንን ክረምት እንደ ምንም ካሳለፈ በኋላ ማታ ማታ ፊደል ቆጠረ። ሁለተኛውን ቤት ሲፈልግ ደላላው ፊት የቆመው ደብተር ይዞ ነበር። ሦስት ሰፈር አየ። ሁሉንም በጧትና በማታ ሄደባቸው። ኪራይ፣ ታክሲ፣ ደቂቃ፣ ውሃ እያለ በየመስመሩ ጻፈ። የመረጠው ቤት ከሦስቱ በኪራይ ርካሹ አልነበረም። ግን ማታ ሲገባ ልጁ ገና አልተኛም። ውሉንም ጮክ ብሎ አንብቦ፣ በገዛ ስሙ ፈረመ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ዛሬ ማታ በደብተራችሁ ላይ አምስቱን ቃላት ጻፉ፦ መንገድ፣ ውሃ፣ ቤተሰብ፣ ውል፣ ጎረቤት። በየአንዳንዱ ሥር ሁለት ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። ከመካከላችሁ ለሥራ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ካለ ይህንን ወረቀት አንብቡለት፤ እሱም ማንበብ የሚችል ከሆነ ስጡት።

ለመወያያ፦
1. አሁን ያላችሁበትን ሰፈር የመረጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ ወይስ ሌላ ሰው ነው የመረጠላችሁ?
2. ከቤታችሁ እስከ ሥራችሁ በወር ስንት ሰዓትና ስንት ብር ይፈጃል? አስሉት።
3. የኪራይ ውላችሁ በጽሑፍ ነው? እቤታችሁ ካለ አውጡና ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ለዛሬ በዚህ ይበቃናል። ደኅና ሁኑ፤ መልካም ጥናት።