የመጋረጃ ጉዳይ ብቻ አይደለም



ፕሮግራሙን ያየ አንድ ጓደኛችን «ደግሞ ስለ መጋረጃ ልትነግሪን ነው?» አለኝ። መቼም ሐኪም ስለ ኢንቴሪየር ዲዛይን ልናገር ሲል ግራ ማጋባቱ አይቀርም።

ብዙው ሰው ይህን ሙያ የሚያውቀው «ዲኮር» በሚለው ስሙ ነው፤ ቀለም የሚመርጥ፣ ጂፕሰም የሚያሠራ፣ የሀብታም ሳሎን የሚያሳምር ሰው። ዲኮር አለበት፤ ግን የሥራው ጫፍ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው። እዚህ ክፍል ማን ይገባል? ስትሬቸር ይዞራል ወይ? እጅ መታጠቢያው ከአልጋው ስንት እርምጃ ነው? ወለሉ ውኃ ሲነካው ያንሸራትታል? እኛ ታሪክ ሳንቀበል መድኃኒት አናዝም። እነሱም እንደዚያው ናቸው።

እኔ የማደንቀው ፊንላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1933 የተጠናቀቀውን የፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ነው። አልቫር አልቶ አርክቴክት ነበር፤ ክፍሎቹን ያሰበው ግን አልጋ ላይ በጀርባው ከተኛው በሽተኛ ዓይን ተነሥቶ ነው። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው ኮርኒስ ስለሆነ ኮርኒሱ ዓይን በሚያሳርፍ ቀለም ተቀባ። መብራቱ ዓይኑ ላይ እንዳያበራ ተደረገ። እጅ መታጠቢያው ደግሞ ውኃው ሲወርድ ድምፅ እንዳያሰማና አብሮ የተኛውን እንዳይረብሽ ሆኖ ተሠራ። ስትሬፕቶማይሲን ገና አልተገኘም ነበር እኮ! ከሕክምናው ትልቁ ክፍል ክፍሉ ራሱ ነበር።

ማስረጃ ለምትሉኝ መምህራን፦ እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች አነጻጽሮ ነበር። መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳያቸው የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ናሙናው ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የሊማ፣ ፔሩ ጥናት ነው። በስምንት ሆስፒታሎች 70 ክፍሎች ውስጥ አየር ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ተለካ። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት ክፍሎች ከአዲሶቹ በልጠው ተገኙ። የነቀርሳ በሽተኛ በሚያስልበት ክፍል ይህ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እስቲ አሁን ወደየክሊኒካችን እንመልከት። ብዙዎቻችን ቪላ ተከራይተን ወይም ሕንፃ ላይ ፎቅ ይዘን እንሠራለን። ሳሎኑ መጠባበቂያ ይሆናል፤ እንዲያምር ተብሎ ጂፕሰሙ ዝቅ ይላል፣ የመስኮቱ የላይኛው ክፍል ይዘጋል፣ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ይነጠፋል። ንጹሕ ይመስላል። ጠዋት ሲወለወል ግን በከዘራ የሚሄዱ እናት የሚረግጡት እሱን ነው፤ የዳሌ ስብራት በዚያ ዕድሜ ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን። መመርመሪያው ደግሞ በመጋረጃ ለሁለት ይከፈላል። መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ድምፅ አይከልልም። ጎረቤቷ ከወዲያ ተቀምጣ እየሰማች ስለ ኤችአይቪ ምርመራዋ በግልጽ የምትነግረን ሴት የለችም። እኛም «ታሪኳን ደበቀች» ብለን ካርዷ ላይ እንጽፋለን!

ባለሙያ መጥራት ውድ ነው ይባላል። በእኔ ግምት ውዱ የተነጠፈን ሴራሚክ መልሶ ማንሳት ነው፤ ባለሙያውን የምንጠራው ሁሉም ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ለእሱም የሚቀርለት እውነትም መጋረጃ መምረጥ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ማኅበራችን የተመላላሽ ሕክምናውን መጠባበቂያ ክፍል ለማሳደስ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። በዕቅዱ ላይ የውስጥ ዲዛይን «ማስዋቢያ» በሚል ርዕስ ከቀለም ቅብ ቀጥሎ፣ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ወደ መጀመሪያው ይምጣ ነው የምለው። ባለሙያው ግንበኛው ሳይገባ በፊት ካርድ ክፍሉ ከሚከፈትበት ሰዓት ጀምሮ አንድ ሙሉ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይይ። ነርሶቹን ያናግር፤ የጽዳት ሠራተኞቹንም እንዲሁ፤ የቱ ጥግ መጥረጊያ እንደማይደርሰው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ኮሚቴው ጨረታውን ከማውጣቱ በፊት ይህን እንዲያይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።