በዓል ምን ይጠብቃል?



በአማርኛ «ባሕር» የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ ጨዋማውን ውቅያኖስም ሐይቁንም ያቅፋል። በጣና ጠረፍ የተቈረቈረችው ከተማ «ባሕር ዳር» ተብላ የተጠራችው በዚሁ ልማድ ነው። ስለዚህ ስለ ባሕር ጠረፍ ከተሞች በዓል፣ ስለ ቀዘፋ እሽቅድምድምና ስለ ሥዕል ዐውደ ርእይ ሲነሣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከውኃ ርቃ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል በአውራ ጎዳና ዳር የተቀመጠችው ካራቆሬ እንኳ ከዚህ የምትቀስመው ትምህርት አለ። ይህ ንግግር ከአንዲት የጣሊያን ከተማ ተነሥቶ፣ በጣና በኩል አልፎ፣ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በሦስቱም ስፍራ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በዓል ምን ይጠብቃል የሚል ነው።

ቬኒስ በአድርያቲክ ባሕር ጠረፍ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በተበተኑ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በጥንቱ ሪፐብሊክ ዘመን መስፍኗ በየዓመቱ በዕርገት በዓል በመርከብ ወጥቶ ቀለበት ወደ ባሕር በመጣል ከተማይቱን ከባሕር ጋር ያጋባ ነበር። ሪፐብሊኩ እ.ኤ.አ. በ1797 ወደቀ፤ ሥርዓቱ ግን ዛሬ በከንቲባው እጅ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በ1895 ደግሞ ቢየናሌ የሚባለው፣ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት በዚያች ከተማ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ይዛ በዚህ ትርኢት ስትቀርብ የወከላት ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር።

ለዚህ ንግግር ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው የቬኒስ የጸደይ በዓል ነው። ስሙ «ቮጋሎንጋ» ሲሆን ትርጉሙ ረጅሙ ቀዘፋ ማለት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በዚያ ዘመን ሞተር ያላቸው ጀልባዎች በከተማይቱ የውኃ መንገዶች እየበዙ ሄደው፣ የሚያስነሡት ማዕበል የቤቶቹን መሠረት እየሸረሸረ፣ የቆየውንም የቀዘፋ ልማድ እያጠፋ ነበር። ነዋሪዎቹ ይህን ለመቃወም በእጅ የሚቀዘፉ ጀልባዎችን ብቻ ይዘው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ለመቅዘፍ ተነሡ። ማንም ማንንም ለመቅደም አልወጣም፤ ተቃዋሚው ወገን ከጎን የሚቀዝፈው ሰው ሳይሆን ማዕበሉ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ይህ ቀዘፋ የከተማይቱ የየዓመት በዓል ሆኖ፣ ከሌሎች አገሮች ሳይቀር ቀዛፊዎችን የሚጠራ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የቬኒስ ታሪክ ማስጠንቀቂያም አለው። በዋናዎቹ ደሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ቍጥሩ ከ50 ሺህ በታች ወርዷል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከዋነኞቹ አንዱ ግን ቤቱም ሱቁም ለጎብኚ መዋሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተማይቱ ውላ የምትመለስን እንግዳ በተመረጡ ቀኖች የመግቢያ ዋጋ ማስከፈል ጀመረች። በዓሉ ደምቆ ባለቤቱ ሊሰደድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ስለሆነም ማንኛውም የከተማ በዓል ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። የሚጠብቀው ነገር ምንድን ነው? የሚታየውን ነገር የሠራው እጅ የማን ነው? እንግዳው ሲሄድስ ለነዋሪው የሚቀርለት ምንድን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የወቅት ጉዳይ ነው። አበባ በአውሮፓ በሚያዝያ ቢፈካ በኢትዮጵያ አደይ የምትፈነዳው በመስከረም ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ቀጥሎ ያለውን በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጸደይ፣ የቀረውን ክረምት ይሉታል። የአገሩን ሰማይና የገበሬውን ሥራ ሳያይ የሌላ አገር ቀን የሚቀዳ በዓል ሥር አይሰድም። የጥር በዓላት ሥር የሰደዱት እምነቱ ስለሚያዝዝ ብቻ አይደለም፤ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ወንዙ ጎድሎ፣ መንገዱ ደርቆ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ጊዜ ስለሆነም ነው።

በባሕር ዳር ጥምቀትና እርሱን ተከትለው የሚመጡት ክብረ በዓላት በቅርብ ዓመታት «ጥርን በባሕር ዳር» በሚል ስም ተሰባስበዋል፤ የታንኳ ቀዘፋ ውድድርም በዚህ ወር ከሚታዩት ትርኢቶች አንዱ ሆኗል። ሥዕሉ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ያሉ ገዳማት መቅደሳቸውን የሚጋርደው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የተሣለ ነው። በኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚታየው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሲሆን፣ ፊደል ላልቆጠረው ምእመን መጽሐፍ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። በበዓል ቀን በታንኳ ተሳፍሮ ወደ ደሴት ይሻገር የነበረ ሰው በዓሉንም፣ ቀዘፋውንም፣ ሥዕሉንም በአንድ ቀን ያገኝ ነበር ማለት ነው።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀርባል። የታንኳ ውድድር የሚጠብቀው ነገር ምንድን ነው? ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ይገጣጠማል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ስለዚህ ታንኳ የሚኖረው ደንገሉ በየጊዜው ሲበቅልና አሣሪው በየጊዜው ሲያሥር ብቻ ነው። የደንገሉ ስፍራ ግን ለእርሻ እየተመነጠረና የሐይቁ ከፍታ እየተለዋወጠ ጠቧል። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ አረም ደግሞ የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መንገድ ዘግቶ፣ የጠረፉ ገበሬ በውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ እየነቀለ እንዲታገለው አስገድዷል። ጣና በዩኔስኮ የሕይወተ ከባቢ ጥብቅ ስፍራነት እ.ኤ.አ. በ2015 ቢመዘገብም፣ መዝገብ ብቻውን አረም አይነቅልም። እሽቅድምድሙ ለአሸናፊው ሽልማት ሰጥቶ ለደንገሉ ምንም ካላደረገ፣ አንድ ቀን ታንኳ የሌለው የታንኳ ውድድር ይሆናል። ከውድድሩ አስቀድሞ አረም የሚነቀልበትና ደንገል የሚተከልበት ቀን ቢኖር ግን በዓሉ የራሱን መሠረት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው። ታንኳ በማሠር ስማቸው ከሚነሣው መካከል የወይጦ ማኅበረሰብ ይገኝበታል። ይህ ማኅበረሰብ በአመጋገቡና በሥራው ተንቆ፣ ከጎረቤቱ ማዕድ ተገልሎ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ታንኳው በአደባባይ ሲጨበጨብለት አሣሪው በጥግ ቢቆም በዓሉ ውሸት ይሆናል። በሥዕል ዐውደ ርእይ የሠዓሊው ስም ከሥዕሉ ግርጌ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ በውድድሩም የቀዛፊው ስም ሲጠራ የአሣሪው ስም አብሮ ሊጠራ ይገባል። ይህ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ሰውን የማክበር ልብ ብቻ ነው።

ከጣና ወደ ይፋት ሲወረድ ውኃው ይቀራል፤ የባሕር ነገር ግን ጨርሶ አይቀርም። በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት በይፋት ሲገዛ የአገሩ የንግድ በር ዘይላ ነበረች፤ ከደጋው የሚወርደውም ከባሕር የሚወጣውም ዕቃ በዚህ ቆላ ያልፍ ነበር። ኖራንና አስበሪን በመሳሰሉ ስፍራዎች የተጠኑት የመስጊድና የቤት ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ከተሞች ምስክር ናቸው። ስለዚህ ይፋት ከባሕር ቢርቅም የባሕር መንገድ ልጅ ነው። ከካራቆሬ ብዙም ሳይርቅ እሑድ እሑድ የሚቆመው የሰንበቴ ገበያ የዚያ ልማድ ወራሽ ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት፣ የደጋው እህል ከቆላው ከብትና ግመል ጋር የሚተያይበት ገበያ ነው። ስም ያልወጣለት የየሳምንት በዓል ቢባል አያንሰውም።

ካራቆሬ መፍረስንና መልሶ መገንባትን ታውቃለች። በ1953 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ የተነሣው የምድር መናወጥ ጎረቤቷን ማጀቴን አፍርሶ፣ የካራቆሬንም ቤቶች ጎድቶ፣ በሳይንስ መዛግብት የካራቆሬ መናወጥ ተብሎ ተጽፏል። በ2013 ዓ.ም. የደረሰው ጥፋት ግን ከምድር ሆድ የወጣ አልነበረም። በዚያ ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢያቸው ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። የምድር መናወጥ ሲያልፍ ጎረቤት ለጎረቤት ማገር ያቀብላል፤ ሰው ለሰው ያደረሰው ጥፋት ሲያልፍ ግን ማገር አቀባዩ እጅ ራሱ ይጠረጠራል።

ታዲያ እንዲህ ላለው ስፍራ ስለ በዓልና ስለ ሩጫ ማውራት ቀልድ አይሆንምን? በዓል ፍርድን አይተካም፤ ለሞተው ሰው ካሣ፣ ለተቃጠለው ቤት ክዳን አይሆንም። ይህ በግልጽ ሳይነገር የሚደገስ በዓል ሐዘንተኛውን መናቅ ነው። ነገር ግን ፍርድም ካሣም ካለ በኋላ ሰው ከሰው ጋር በአንድ አደባባይ መቆምን እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ለዚህ ደግሞ የሚያሳስበው የውድድሩ ዓይነት ነው። ወገን በወገን ላይ ተሰልፎ የሚሮጥበት ሩጫ በጥፋት ማግሥት ሌላ ጠብ ይወልዳል። ስለዚህ የሚበጀው እንደ ቬኒሱ ቀዘፋ ሯጭ በሯጭ ላይ ያልተነሣበት ሩጫ ነው፤ ከአንዱ ሰፈር ተነሥቶ በሌላው የሚያበቃ፣ አራት ሯጮች ተቀባብለው የሚጨርሱት፣ አራቱም ከአንድ መንደር እንዳይሆኑ ደንቡ የሚከለክል ሩጫ ነው። በእንዲህ ያለው ሩጫ ዱላውን የሚቀበለው እጅ የጎረቤት እጅ ይሆናል።

ዐውደ ርእዩም አዳራሽ አይጠብቅም። በገበያው ዳር በተዘረጋ ዳስ ሥር የሸክላ ሠሪዋ እንስራ፣ የአርጎባው ሸማኔ ጥበብ፣ የሰፌድና የሞሰብ ስፌት፣ የተማሪዎች ሥዕል እያንዳንዱ ከሠሪው ስም ጋር ቢቀመጥ ትርኢቱ ሙሉ ነው። ይፋትን ቍልቍል የምታየው አንኮበር ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን በ1925 ዓ.ም. የወለደች አገር ናት፤ በዚህ አካባቢ ለሥዕል የሚሆን ዓይን እንዳልጠፋ ለሕፃናቱ መንገር አይከፋም። ቀኑን ለመምረጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሙስሊሙ የጨረቃ ወራት በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጡ፣ ረመዳንንም፣ የክርስቲያኑን ጾምም፣ የማሽላውን አጨዳም ያገናዘበ ቀን የሚቆረጠው ከሁሉም ወገን የተውጣጡ ሽማግሌዎች በየዓመቱ ተቀምጠው ሲመክሩ ነው። ምናልባት ከበዓሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ምክር ይሆናል፤ ለአንድ ቀን ደስታ ሲባል በየዓመቱ የሚሰበሰብ ጉባኤ ለክፉ ቀንም ይደርሳልና።

የማኅበሩ አባላት በየሙያቸው በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። መምህሩ የተማሪውን ሥዕል ይሰበስባል፤ የጤና ባለሙያው ከሯጩ ጎን ይቆማል፤ መሐንዲሱ መንገዱን ይለካል፤ የሒሳብ ባለሙያው የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ለሕዝብ ያነብባል። ነገር ግን ከሥራው በፊት ሁሉም ያንን ጥያቄ ይጠይቅ። ቬኒስ ለግድግዳዋ ስትል ቀዘፈች። ባሕር ዳር ለደንገሏ ስትል ልትቀዝፍ ይገባታል። ካራቆሬና ጎረቤቶቿ የሚጠብቁት ግን ከግድግዳም ከደንገልም የሚበልጥ ነው፤ እሑድ ጠዋት ከደጋ የወረደው ሰውና ከቆላ የወጣው ሰው ሳይፈራሩ ዋጋ የሚከራከሩበትን ገበያ ነው።