ብየዳ ለመጀመር ላሰባችሁ
ብየዳን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ሆነ በርና መስኮት ከሚሠራ ባለሙያ ሥር ሆኖ መማር ይቻላል።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው እጅ ነው። የመበየጃው ዘንግ (የኤሌክትሮዱ) ጫፍ ከብረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ መራቅ አለበት፤ ሲነካ ይጣበቃል፣ ሲርቅ ፍንጣሪው ይበዛል። ኤሌክትሮዱ እየቀለጠ ስለሚያጥርም እጅ አብሮት ዝቅ ማለት አለበት። ይህ የሚለመደው በቁርጥራጭ ላሜራ ላይ ደጋግሞ በመበየድ ነው።

ዓይን ግን አይለምድም። “አንድ ነጥብ ብቻ ናት” ብሎ ያለ ማስክ የበየደ ሰው፣ ሌሊት አሸዋ የገባበት ያህል ዓይኑን ይቆረቁረዋል። የፀሐይ መነጽር አይበቃም። ወተት መጠጣትም ከብየዳው ጭስ አያድንም፤ የሚያድነው ነፋስ ያለበት ቦታ መሥራት ነው። ልጆቼ፣ ስለ ደመወዝ ከመነጋገራችሁ በፊት ማስክ ጠይቁ።