ከመፈክሩ በፊት አንድ ተፈታኝ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። በቦታው ላልነበራችሁ እንዲደርሳችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል።)



ስለ ጀግኖቻችን ገድል እንዳወራ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ልጅ ነው። ይህቺን ልጅ ታውቋታላችሁ። 12ኛ ክፍል ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገጠር ወጥታ፣ እሑድ ማታ እንጀራና ድርቆሽ ተሸክማ በእግሯ ትመለሳለች። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ መምህሩ «ሰነፍ» ይላታል። የአንዳችሁ እኅት ናት፣ የአንዳችሁ የአክስት ልጅ፣ የአንዳችሁ ጎረቤት።

ለፈተና ትቀመጣለች። ማን አጠገቧ አለ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

እስቲ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የመጣውን ውጤት ሁላችሁም ሰምታችኋል። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ጥር 2015 ላይ ይፋ ሲሆን፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 በመቶ! በ2015 ደግሞ 3.2 ሆነ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። እየተሻለ ነው፣ እሰየው። ግን ቁጥሩን ወደ ሰው መልሱት። መቶ ልጆች ገብተው ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ ማለት ነው። በ2015 ብቻ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም!

በእኛ በኩል ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። የፈተናው ወረቀት ግን «አንቺ ስንት ወር ተማርሽ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ለሁሉም ያው ነው። ልጅን ከመማሪያ ክፍል የሚያስቀር ነገር በማንም ስም ይምጣ በማን፣ ሕዝባችንን አይጠቅምም። ይህን በግልጽ ተናግሬ ልለፍ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ እኅቴ ተፈታኝ ነበረች። እኔ ከተማ ሥራ ይዤ፣ ማታ ማታ ስልኬ ላይ ተጥጄ ስለ ሕዝብ የምጽፍ ሰው ነበርኩ። አንድ ማታ «ትውልድ እያለቀ ነው» የሚል ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። ብዙ ሰው ወደደው፣ ብዙ ሰው አጋራው። በዚያው ማታ እኅቴ ደወለች። «ወንድምዓለም፣ ይኼ አፕቲትዩድ የሚባለው ምንድን ነው? የሚያስተምረን የለም» አለችኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። ነገ አልነገርኳትም። ከነገ ወዲያም አልነገርኳትም።

ውጤቷ ሲመጣ ከ600 ውስጥ 214 ሆነ። እናቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ልጄ፣ አንተ ከተማ እያለህ?» ነው ያለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ተሸክሜያት አለሁ።

እኅቴ እንደገና በግል ተፈታኝነት ተመዘገበች። በዚያ ዓመት ያደረግነውን ነው የምነግራችሁ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ያደረግነው ሁሉ ማናችሁም ልታደርጉት የምትችሉት ነው።

አንደኛ፣ ልጁ የቆመበትን እወቁ። ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ፈልጋችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አርቃችሁ አስፈትኑት። ከዚያ አብራችሁ አርሙ። እኅቴ ሒሳብ 24 አመጣች። አራት ምርጫ ያለውን ፈተና ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢሞላውም ወደ 25 ይጠጋል! ሳቅን። እሷም ሳቀች። ያ ሳቅ ጠቀመን፤ ከዚያ ወዲያ ውጤት መደበቅ አቆመች። በቁጣ ብጀምር ኖሮ እስከ መጨረሻው «ደህና ነኝ» እያለች ትሸውደኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። ስድስት ትምህርት ነው፣ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ 600። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ለሁሉም ነው። ተፈጥሮ ሳይንስ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራል፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። የሚፈለገው ድምሩ 300 እንዲሆን እንጂ በየትምህርቱ 50 እንዲመጣ አይደለም። ስለዚህ ነጥብ የሚቀርበው የት ነው? እኅቴ ባዮሎጂ 45፣ አፕቲትዩድ 38 ነበረች። ሒሳብን ከ24 ወደ 60 ለመጎተት ዓመቱን ከምንጨርስ፣ እነዚህን ሁለቱን መጀመሪያ ከፍ አደረግን። ሒሳብና ፊዚክስን አልተውናቸውም፤ ግን ከ12ኛው ክፍል መጽሐፍ ሳይሆን ከ9ኛው ጀመርን። ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ይነካል፤ የብዙ ልጆች ቀዳዳ ደግሞ ያለው ታች ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ይገኛሉ፤ ኔትወርክ ባለበት አውርዳችሁ ስልኩ ላይ ጫኑለት።

ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛ። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። እኅቴ በባዮሎጂ የምታውቀውን ጥያቄ ስትሳሳት ገርሞኝ «ምነው?» አልኳት። ጥያቄው ውስጥ «ኤክሴፕት» የሚል ቃል ነበር። ከአንዱ በቀር ሁሉም ትክክል ነው፣ ያንን አንዱን አውጪ ነው የሚላት። እሷ ቃሉን ዘላው የመጀመሪያውን ትክክል መርጣ አለፈች። ባዮሎጂውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ የጣላት ጥያቄው የተጠየቀበት ቋንቋ ነው። የገጠሩ ልጅ ሁሉንም ትምህርት የሚፈተነው በእንግሊዝኛ መሆኑን እንርሳው? ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ትንሽ ደብተር ያዝን። ከየፈተናው ወረቀት ያልገቧትን ቃላት እየለቀመች፣ በቀን አምስት፣ አማርኛውን ከጎኑ ትጽፋለች። በቀን አምስት ቃል ቀላል ናት፤ በስድስት ወር ግን ወደ 900 ቃል ትሆናለች።

አራተኛ፣ ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ይንገራችሁ። ይህን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም ነበር። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ሐዲስ አለማየሁ እዚሁ አጠገባችን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ነው የቤተ ክህነቱን ትምህርት የተማሩት። የቅኔ ተማሪ ምን ያደርጋል? ቆጠራ ይወጣል፤ ብቻውን ተቀምጦ ያወጣል ያወርዳል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መጽሐፍ ገልጦ አያነብም፤ ከራሱ ውስጥ አውጥቶ ነው የሚናገረው። ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል። በመጀመሪያ ቀን መወድስ የሚቆጥርም የለም፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀመራል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ አዩት። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አጥንቶ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ደብተር እያቀለሙ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። ማወቃችን የሚለየው ደብተሩ ሲዘጋ ነው።

እኛም ነገራ ጀመርን። ማታ 2፡00 ላይ እደውላለሁ፣ ዐሥር ደቂቃ፣ ደብተሩ ዝግ። «ዛሬ ያነበብሽውን ንገሪኝ።» ኬሚስትሪውን እኔ ረስቼዋለሁ፤ ግን ስትንተባተብ ይገባኛል። የተንተባተበችበትን ራሷ ምልክት አድርጋ ነገ ትመለስበታለች፣ ከሳምንት በኋላም እንደገና ታየዋለች። አስጠኚ ለመሆን ሁሉን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። በቀጠሮ መደወል ይጠበቅባችኋል።

አምስተኛ፣ ከወላጅ ጋር ተነጋገሩ። ወንዱ ልጅ እያረሰ፣ ሴቷ ውኃ እየቀዳች፣ እንጀራ እየጋገረች «ለምን አላጠናሽም?» ማለት ግፍ ነው። አባቴን ቁጭ ብዬ ለመንኩት፦ «አባባ፣ ይህን አንድ ዓመት ቅዳሜ ስንቁን እኔ ልውሰድላት። እሷ መንገድ ላይ አትዋል።» እሺ አለ። ለካ እስከዚያ ድረስ የጠየቀው ሰው አልነበረም! በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን አተረፈች። እንቅልፍም አትከልክሏቸው። ሌሊቱን ሙሉ በቡና አፍጦ ያደረ ልጅ ጠዋት ያነበበውን አይይዝም።

ስድስተኛ፣ የኩረጃ ነገር። ፈተናው ሲቃረብ በቴሌግራም «መልሱ እጃችን ገብቷል፣ ብር ላኩ» የሚሉ ይፈላሉ። ድርቆሽ በልታ የምታጠና ልጅ ተበድራ ትልክላቸዋለች። ሌቦች ናቸው። በ2008 ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲበተን ምን እንደሆነ የምታስታውሱ አላችሁ። በመላ አገሪቱ ተቋርጦ በክረምቱ እንደገና ተሰጠ፤ ቅጣቱን የለፋውም ያልለፋውም እኩል ተቀበለው። ወገኔን እወዳለሁ የሚል ሰው ለወገኑ ልጅ መልስ አይሰርቅም። በተሰረቀ መልስ ሐኪም ሆኖ የሚመጣው እናታችሁን ነው የሚያክማት!

ሰባተኛ፣ ፈተናው ሊደርስ ሲል የግቢውን ፍርሃት አቅልሉላቸው። ከገጠር ለመጣ ልጅ የዩኒቨርሲቲ በር ራሱ ፈተና ነው። ፍተሻ አለ፣ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ዶርም ማደር አለ። እኅቴን አንድ ቅዳሜ ወስጄ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን ከውጭ አሳየኋት። አጥሩን፣ በሩን፣ የሚገቡ የሚወጡትን ተማሪዎች አይታ «እንደኛው ናቸው እኮ» አለች። እንደኛው ናቸው!

እንግዲህ ውጤቱን ልንገራችሁና ላብቃ። ሁለተኛው ጊዜ 306 አመጣች። ስድስት ነጥብ ናት ያሻገረቻት። ሒሳብ አሁንም 40 ነው፤ ተአምር አልተሠራም። ያቺ ስድስት ነጥብ ግን ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ከ«ኤክሴፕት» ትሁን፣ ከቅዳሜዋ ትሁን፣ ከማታው ዐሥር ደቂቃ። አንዱን ብናጎድል 299 ትሆን ነበር ብዬ ሳስብ አሁንም ያንቀጠቅጠኛል።

ሁሉም አያልፍም፤ አንዋሽ። ያላለፈውን ልጅ በሰው ፊት አታዋርዱት። የማካካሻ ትምህርት አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ እንደ እኅቴ ዳግም መፈተን አለ። ውጤት በወጣ ማታ ቀድሞ መደወል ያለበት የሚወደው ሰው ነው።

እዚህ ያለነው ሁላችንም «ሕዝቤ» የምንል ነን። ደስ ይለኛል። ሕዝብ ግን ፎቶና ባንዲራ ብቻ አይደለም፤ ማታ 2፡00 ላይ ስልክ የምትጠብቅ ልጅም ናት። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የአንድ ተፈታኝ ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ብቻ። አንተ ፊዚክስ ትችላለህ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፣ ምንም የማይችል ደግሞ ስንቅ መሸከም ይችላል።

ነገ አትበሉ። እኔ ነገ ብዬ ነበር።