ስለ ጠጉር መመለጥ፣ ስለ ደም ፕላዝማና በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሴንትሪፊዩጅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ከሙያችን ድንበር ላይ ያለ አንድ ጉዳይ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ ግድብ ይናገራል ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ራሳችን መናገርን መርጫለሁ፤ ስለ ራሳችን ስልም በቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም፣ ማለትም ስለ ራስ ቅላችንና በላዩ ስለ በቀለው ጠጉር ማለቴ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ወንዶች መካከል ግንባሩ ወደ ኋላ መሸሽ የጀመረው ጥቂት አለመሆኑ ከዚህ ከፍ ካለ መድረክ ላይ ሆኜ በግልጽ ይታየኛል።

ጉዳዩን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት መሐንዲሶች፣ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ወደ እኔ መጥተዋል። ሦስቱም እንደ እኔ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ጥያቄአቸውም፣ «ከአሮጌ ሞተር ሴንትሪፊዩጅ ሠርተን፣ የገዛ ደማችንን ቀድተን፣ ፕላዝማውን ለይተን፣ በራስ ቆዳችን ውስጥ መልሰን ብንወጋው ምን ይከለክለናል?» የሚል ነው። ከእነርሱም አንዱ ንድፉን ጨርሶ፣ የሞተሩን ፍጥነት አስልቶ፣ የቀረው የቱቦዎቹ መያዣ ብቻ ነበር። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በየአገሩ ሐኪሞች ይህንኑ ሕክምና ይሰጣሉ፤ በአሜሪካ ለአንድ ጊዜ ብቻ ብዙ መቶ ዶላር ይከፈልበታል፤ አንድ ጊዜም አይበቃም፣ ብዙውን ጊዜ በወር ልዩነት ሦስት ጊዜ ይደረግና ከዚያም በኋላ በየጊዜው ይደገማል። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ የእኛ ነው ብሎ የሚያምን ባለሙያ ይህን ዋጋ ሲሰማ እጁ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ቢዘረጋ አያስደንቅም።

አስቀድሞ ሕክምናው ምን እንደሆነ ባጭሩ ልግለጽ። ደማችን ሲያዩት አንድ ወጥ ፈሳሽ ይመስላል እንጂ፣ በውስጡ ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳት፣ እንዲሁም ፕላትሌት የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ይንሳፈፉበታል። የሚንሳፈፉበት ፈሳሽ ፕላዝማ ይባላል። ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ከመሆኑም በላይ፣ የቁስልን መሻር የሚቀሰቅሱ የዕድገት ፕሮቲኖችን በውስጡ አቁሮ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1998 የመንጋጋ አጥንት ቀዶ ሕክምና ላይ የታተመ አንድ ጥናት ፕላትሌትን አሰባስቦ በቁስል ቦታ ላይ ማኖርን በሰፊው አስተዋወቀ፤ በ2006 ደግሞ ጠጉር በሚተክሉ ሐኪሞች ዘንድ ተሞከረ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች ሲደመሩ፣ በዘር በሚወረስ መመለጥ ለተያዙ ሰዎች የጠጉሩ ብዛት በመጠኑ እንደሚጨምር ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ፕላዝማውም የተዘጋጀው አንዱ ከሌላው በተለየ መንገድ ነው። ፈጽሞ የጠፋውን የጠጉር ሥር ከሞት የሚያስነሣ ግን አልተገኘም።

የመመለጥም ምክንያቱ አንድ አይደለም። በዘር የሚመጣው አለ፤ ላሽ የምንለው፣ ሰውነት የራሱን የጠጉር ሥር እንደ ጠላት የሚያጠቃበት አለ፤ ሕፃናትን የሚይዘው ቆረቆር አለ፤ በጣም ጠብቆ ከሚሠራ ሹሩባ የሚመጣ አለ፤ ከብረት ንጥረ ነገር ማነስና ከእንቅርት ዕጢ መዛባትም ይመጣል። ከከባድ ትኩሳት ወይም ከወሊድ በኋላ በሁለትና በሦስት ወር የሚረግፈው ደግሞ ያለ አንዳች መድኃኒት ተመልሶ ይበቅላል። በዚህ የመጨረሻው ዓይነት የተያዘ ሰው በቤቱ ራሱን ወግቶ ጠጉሩ ቢመለስለት ምስጋናውን ለማን እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም፤ ምሥክርነቱንም ለጓደኞቹ ያደርሳል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ፤ ደስ የሚለን እርሱ ነውና።

ቡና ፈልቶ ከወረደ በኋላ ጀበናው ጥቂት እንዲቀመጥ የሚደረገው አተላው እስኪሰክን ነው። ሴንትሪፊዩጅም ሌላ ምሥጢር የለውም፤ የመሬትን ስበት ብዙ እጥፍ አድርጎ ማስከን ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሚወርድ ቅንጣት ፍጥነቱ ከፈሳሹ ጋር ባለው የእፍጋት ልዩነትና በስፋቱ ካሬ ይወሰናል። ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ሲሆን፣ ፕላትሌት ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ቀዩ በእፍጋትም ይበልጣል። ስለዚህ ቀዩ ከፕላትሌት ከዐሥር ጊዜ በላይ ፈጥኖ ይወርዳል። የሥራው ብልሃት ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በቀስታ አሽከርክሮ ቀዩ ወርዶ ፕላትሌት ገና ሲንሳፈፍ ማቆም፣ ከዚያም ፈሳሹን ወደ ሌላ ቱቦ አዛውሮ በኀይል ማሽከርከርና ፕላትሌትን ከታች ማከማቸት ነው። የመጀመሪያው ዙር ጥቂት ደቂቃ ቢረዝም ፕላትሌት ከቀዩ ጋር ወርዶ ይቀበራል፤ ቢያጥር ደግሞ ቀዩ ሳይለይ ይቀራል።

ስሌቱም ቀላል ነው። የማሽከርከሪያውን ክንድ ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ካሬ፣ እንዲሁም 0.00001118ን ብናባዛ ኀይሉን በመሬት ስበት እጥፍ እናገኛለን። ክንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 1,500 ዙር ቢሽከረከር 250 እጥፍ ያህል፣ 3,000 ዙር ቢሽከረከር 1,000 እጥፍ ያህል ይሆናል። 25 ሴንቲ ሜትር ክንድ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን በ1,000 ዙር ልብስ ሲጨምቅ 280 እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ ለመጀመሪያው ዙር የሚበቃ ኀይል በየቤቱ አለ ማለት ነው። በአንጻሩ 11,000 ዙር የሚዞረውን ትንሹን የእጅ ግራይንደር በ10 ሴንቲ ሜትር ክንድ ለዚህ ሥራ ያዋለ ሰው ከ13,000 እጥፍ በላይ ኀይል ስለሚፈጥር፣ ደሙን የሚለቅመው ከቱቦው ሳይሆን ከግድግዳው ላይ ይሆናል። በ1,000 እጥፍ ኀይል በሁለቱ ትይዩ ቱቦዎች መካከል የአንድ ግራም ልዩነት ቢኖር፣ ያች አንድ ግራም የአንድ ኪሎ ያህል ሆና በሰከንድ 50 ጊዜ ዘንጉን ትመታለች። ሚዛን የማስጠበቅንና ክዳኑ በሽክርክሪት ጊዜ እንዳይከፈት የመቆለፍን ነገር ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም።

እንዲያውም ከዚህ የረቀቀ ሥራ በርካሽ ተሠርቶአል። በልጅነታችን የለስላሳ ቆርኪ ቀጥቅጠን፣ ሁለት ቦታ በስተን፣ ክር አሳልፈን በመሳብና በመልቀቅ እናሽከረክር አልነበረምን? በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ መጫወቻ ከወረቀት ሠርተው፣ ክብደቱ 2 ግራም፣ ዋጋው 20 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ፍጥነቱ በደቂቃ እስከ 125,000 ዙር የሚደርስ ሴንትሪፊዩጅ አድርገው አቅርበዋል። መብራት በሌለበት ቦታ ደምን በ1.5 ደቂቃ ይለያል። በእጅጉ የማደንቀው ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዚያ ወረቀት ላይ የተሽከረከረው ደም ለምርመራ ታይቶ ይጣላል እንጂ ተመልሶ ወደ ሰው ሰውነት አይገባም። የእኛ ባልደረቦች ጥያቄ ከዚህ የሚለየው በዚችው አንዲት ነጥብ ሲሆን፣ በእርስዋም ምክንያት ጥያቄው የማሽን ጥያቄ መሆኑ ያቆማል።

ምክንያቱን ላስረዳ። የጤነኛ ሰው ፕላትሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይደርሳል። 250,000 ያለውን ሰው እንውሰድና 20 ሚሊ ሊትር ደም እንቅዳለት፤ በውስጡ 5 ቢሊዮን ፕላትሌት አለ። ሥራው በሚገባ ተሠርቶ ግማሹ በ2 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ቢሰበሰብ፣ በማይክሮ ሊትር 1,250,000 ይሆናል፤ ለሕክምና ይበቃል የሚባለውም በ1,000,000 አካባቢ ነው። ያ ባልደረባችን ግን በጊዜ አያያዝ ተሳስቶ ከዐሥር አንዱን ብቻ ቢሰበስብ፣ በመርፌው ውስጥ ያለው 250,000 ይሆናል። ይህም ቀድሞውኑ በደሙ ውስጥ የነበረው መጠን ነው! ደክሞ፣ ተወግቶ፣ ያገኘው ነገር የለም። ሁለቱንም ፈሳሾች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ሁለቱም ገለባ መሳይ ቢጫ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው የደም ሕዋስ መቁጠሪያ መሣሪያ ነው፤ እርሱም በቤተ ሙከራ እንጂ በጓዳ አይገኝም። ከመካከላችን የሲሚንቶውን ጥንካሬ ሳይፈትን ምሰሶ የሚያቆም አለን? ውጤቱን የማይለካ ሰው ማሽን ሠራ ይባል እንደሆነ እንጂ ሕክምና አዘጋጀ አይባልም።

ከዚህ የሚከብደው የንጽሕና ነገር ነው። «የገዛ ደሜ እንዴት ይጎዳኛል?» የሚለው ክርክር በሦስቱም አንደበት ሰምቼዋለሁ። ደሙ አይጎዳም፤ ከደሙ ጋር የሚገባው ነው እንጂ። ቱቦው ይከፈታል፣ ፈሳሹ ይዛወራል፣ እንደገና ይከፈታል፤ በእያንዳንዱ መክፈት የቆዳና የአየር ባክቴሪያ መግቢያ ያገኛል። የደም ባንኮች ፕላትሌትን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ብቻ የሚያቆዩት በዚያ ሙቀት ባክቴሪያ ስለሚራባበት ነው። በገበያ የሚገኙት የምርመራ ቱቦዎችም ለምርመራ የተሠሩ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለውም ኬሚካል ደሙ ተመልሶ ሰው ውስጥ ይገባል ተብሎ የተመረጠ አይደለም።

«እንቀቅለዋለን» ላሉኝ ደግሞ የሰጠሁት መልስ የከፍታ መልስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የባክቴሪያ ዘር አቃፊ ቅንጣቶች በባሕር ዳርቻው 100 ዲግሪ እንኳ አይሞቱም፤ የሐኪም ቤቱ ኦቶክሌቭ በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚሠራው ስለዚህ ነው። የወጥ ቤቱ የግፊት ድስት፣ ከአካባቢው አየር በላይ አንድ ባር ግፊት ቢይዝ እንኳ፣ በእኛ ከፍታ 116 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። ባቄላ ያበስላል፤ መርፌን ግን በተፈለገው ልክ አያነጻም።

አደጋው ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ የኒው ሜክሲኮውን ነገር ልጨምር። በዚያች የአሜሪካ ግዛት ፈቃድ ያልነበረው አንድ የውበት መስጫ ቤት ይህንኑ ፕላዝማ በደንበኞች የፊት ቆዳ ላይ በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ተዘጋ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ሦስት ሴቶች በዚያ ቤት በተሰጣቸው አገልግሎት ሳይሆን አይቀርም በኤች አይ ቪ የተያዙት ብሎአል። የብክለቱ ምንጭ ተለይቶ ባይታወቅም፣ መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር ይናገራል፤ ስም ያልተጻፈባቸው የደም ቱቦዎች በማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሌሎች ደግሞ ከምግብ ጋር በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ መጠቅለያቸው የወለቀ መርፌዎች በመሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ኦቶክሌቭ አልነበረም። ሴንትሪፊዩጅ ግን ነበር። ሁለት ጓደኛሞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረው ደማቸውን ሲያሽከረክሩ ቱቦዎቹ ቢቀያየሩ ከዚህ የተለየ ነገር አይሆንም፤ በአገራችን የጉበት በሽታው ሄፐታይተስ ቢ በሰፊው የሚገኝ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ስለ መውጋቱ ብዙ አልልም፤ የሐኪሞች ሥራ ነው። የግንባርን ቆዳ ከሚመግቡት የደም ሥሮች አንዳንዶቹ ከዓይን የደም ሥር የሚነሡ መሆናቸውን ብቻ ላስታውስ። በመስተዋት እያየ፣ በገዛ እጁ፣ ወደ ግንባሩ መርፌ የሚሰድድ ሰው ይህን አውቆ ይሁን።

ታዲያ ለሦስቱ ምን አልኋቸው? አስቀድመው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደው ምክንያቱን እንዲያስለዩ ነገርኋቸው። በዘር የመጣ ከሆነ ከእርጅና በፊት የሚሞከሩ፣ በሚገባ የተጠኑ መድኃኒቶች አሉ። ሚኖክሲዲል ለደም ግፊት የተሠራ ኪኒን ሳለ በሽተኞቹ ጠጉር ማብቀላቸው ስለታየ፣ የሚቀባው በአሜሪካ ከ1988 ጀምሮ ተፈቅዶአል፤ ፊናስተራይድ ደግሞ ለወንዶች በ1997 ተፈቀደ፤ ይህ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ሲሆን እርጉዝ ሴት ፈጽሞ የማትወስደው ነው። ፕላዝማውን የሚፈልግም በተዘጋ መሣሪያ የሚያዘጋጅና ስም የሚጽፍ ሐኪም ቤት ይምረጥ።

ንድፉን ጨርሶ ለነበረው ባልደረባችን ደግሞ ሌላ ሥራ ሰጥቼዋለሁ። የሠራው የዙር መቆጣጠሪያ እውነትም ግሩም ነው። በአንድ የጤና ጣቢያ የሚገኝ የቤተ ሙከራ ሴንትሪፊዩጅ የካርቦን ብሩሹ አልቆ፣ የክዳን መቆለፊያውም ተሰብሮ፣ ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ብሩሹንና መቆለፊያውን ቀይሮ፣ በገጹ ላይ 3,000 የሚለውን ቁጥር በታኮሜትር ቢፈትነው 2,600 ሆኖ አገኘው፤ ይህም የኀይሉ ሩብ ያህል ጎድሎ ነበር ማለት ነው። የማስተካከያውን ሠንጠረዥ ይዞት መጥቶአል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ለሚፈልግ ሁሉ ያሳያል። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።