ከመጥረቢያ በፊት ገመድ፤ ዛፍን ያለ አደጋ ስለ መጣል ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ



ሰው ዛፍን የሚተክለው በትዕግሥት ነው፤ የሚቆርጠው ግን ብዙ ጊዜ በችኰላ ነው። ከዚህም ችኰላ የተነሣ ዛፉ በቤት ላይ፥ በእንሰት ላይ፥ ይልቁንም በሰው ላይ ይወድቃል። ይህን ጉዳት በገመድና በጥቂት ዕውቀት መከላከል እንደሚቻል ማስረዳት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፥ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ በተቸገረች ጊዜ ይህ ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ደረሰላት፤ ከዚያም ወደ ሌላው ደጋ ተዛመተ። ዛሬ በሆሣዕና፥ በሾኔ፥ በዱራሜ፥ በአንጋጫና በዶዮገና ዙሪያ ቤት የሚሠራበት፥ አጥር የሚታጠርበት፥ ተሸጦም የልጆች ደብተር የሚገዛበት ዛፍ እርሱ ነው።

ነገር ግን የሐድያና የከምባታ ምድር በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ቤቱ ከእንሰቱ፥ እንሰቱ ከዛፉ፥ ዛፉም ከጎረቤት አጥር ጋር የተያያዘ ነው። በሰፊ ጫካ ውስጥ ዛፍ ወዲያ ወይም ወዲህ ቢወድቅ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ በጓሮ ውስጥ ግን ሊወድቅበት የሚገባው ስፍራ አንድ ብቻ ነው። እንሰትም ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚጠበቅ ተክል ስለ ሆነ፥ በአንድ ቅጽበት ሲሰበር የብዙ ዓመት ድካም አብሮ ይሰበራል። ስለዚህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው ሁሉ፥ በዚህ አገር ከመጥረቢያ ገመድ ይቅደም ማለት ይገባል።

የመጀመሪያው ሥራ የዛፉን ቁመት ማወቅ ነው። ይህንም ተማሪዎች በሒሳብ ትምህርታቸው ሊሠሩት ይችላሉ። 1 ሜትር የሆነ በትር በሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆምና ጥላውን መለካት፥ በዚያው ሰዓትም የዛፉን ጥላ መለካት ነው። የበትሩ ጥላ 60 ሳንቲ ሜትር፥ የዛፉም ጥላ 12 ሜትር ቢሆን፥ የዛፉ ቁመት 20 ሜትር መሆኑ ይታወቃል። የዛፉ ቁመት ከታወቀ ጫፉ እስከ የት እንደሚደርስ ይታወቃል፤ ጫፉ የሚደርስበት ከታወቀም ሰውና ከብት የማይቆሙበት ስፍራ ይታወቃል።

ሁለተኛው ሥራ ገመዱን መመርመር ነው። የእንሰት ቃጫ ለገመድ የታወቀ ነው፤ በፊሊፒንስ ደሴቶች የሚበቅለውና የመርከብ ገመድ ሲሠራበት የኖረው አባካ የሚባል ተክልም የእንሰት ዘመድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ቀጭኑ ቃጫ በመገመዱ ብርቱ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቃጫ እርጥበት ውስጥ ሲቆይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገመዱን በየክንዱ ፈታ እያደረጉ ውስጡን ማየት ይገባል፤ ውስጡ የጠቈረ፥ የሻገተ ወይም ቃጫው በጣት ሲነካ የሚበጠስ ከሆነ ለዛፍ ሥራ አይሆንም። ከብት ሲታሰርበት የከረመ ገመድም አይታመንም። ከገበያ የሚገዛው የናይሎን ገመድ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ስለሚለጠጥ ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ሰውን ይመታል።

ሦስተኛው ሥራ ማሰር ነው። ገመዱ ከዛፉ ቁመት ከግማሽ በላይ፥ ቢቻል ከሦስቱ እጅ በሁለቱ ላይ ይታሰራል። ከፍ ብሎ የታሰረ ገመድ በጥቂት ጉልበት ዛፉን ያዘነብለዋል፤ ዝቅ ብሎ የታሰረ ግን ብዙ ሰው ያደክማል። ይህም የሚሆነው መጥረቢያ ዛፉን ሳይነካው ነው፤ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ዛፍ ላይ ለማሰር መውጣት ሞትን መፈለግ ነው።

አራተኛው የጎታቾች ስፍራ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ገመዱ አጭር ሆኖ ሳለ ዛፉን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታልና። ጎታቾች ከግንዱ የዛፉን ቁመት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መራቅ አለባቸው፤ ይኸውም ለ20 ሜትር ዛፍ 30 ሜትር ነው። ገመዱ ከላይ ስለሚወርድና ለማሰሪያም ስለሚያስፈልግ ከ40 ሜትር ማነስ የለበትም። ከዚህ የሚሻለው፥ ዛፉ ከሚደርስበት ባሻገር ባለ ሌላ ብርቱ ዛፍ ግርጌ ገመዱን አዙሮ ወደ ጎን መጎተት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ጎታቾቹ በሚወድቀው ዛፍ መንገድ ላይ አይቆሙም። በዞረው ገመድ እጥፋት ውስጥ ግን ማንም አይቁም። ገመድን በእጅ ወይም በወገብ መጠምጠም፥ በበሬ አንገትም ማሰር ፈጽሞ አይገባም፤ ዛፉ ወደ ሌላ ቢያዘነብል የታሰረውን ይዞ ይሄዳልና።

አምስተኛው አቆራረጡ ነው። መጀመሪያ ዛፉ እንዲወድቅበት በተፈለገው ወገን፥ ከግንዱ ውፍረት ከአራት አንድ እጅ የማያልፍ፥ አፉ ሰፋ ያለ ቅርፍት ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ በስተጀርባው፥ ከቅርፍቱ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ነገር ግን ከውፍረቱ ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ሳይቆረጥ በመካከል ይቀራል። ግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሚቀረው 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የቀረው እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን በመንገዱ ይመራዋል፤ እርሱን የቆረጠ ሰው በሩን ከማጠፊያው እንደ ነቀለ ይቆጠራል። ገመዱ በመጀመሪያ ላላ ሳይል ብቻ ይያዛል፤ የጀርባው ቁርጥ ሳያልቅ በኀይል ቢጎተት ግንዱ ወደ ላይ ተሰንጥቆ ቆራጩን ሊመታው ይችላል። ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቆራጩ አስቀድሞ በጠረገው መንገድ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይርቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፥ ገመድ ዛፍን ይመራል እንጂ አይሸከምም። 20 ሜትር ቁመት፥ ግርጌውም 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ባሕር ዛፍ 1,000 ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል፤ መውደቅ የጀመረውን ይህን ክብደት ዐሥር ጐልማሶች በእጃቸው ሊመልሱት አይችሉም። ስለዚህ ወደ ቤት በብርቱ ያዘነበለ ዛፍ፥ ወይም መውደቂያ ሜዳ የሌለው ዛፍ፥ ከግርጌው አይቆረጥም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ራሱን በሌላ ገመድ አስሮ ከላይ ወደ ታች በየጥቂቱ ይቆርጠዋል፤ የሚቆረጠው ቅርንጫፍ አስቀድሞ ይታሰራል፥ ገመዱም በላይኛው ብርቱ ባላ ላይ አልፎ በግንዱ ግርጌ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። መጠምጠሙ ገመዱን ስለሚይዘው ከታች ያለው ሰው ቅርንጫፉን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ካለ ግን መሥሪያ ቤቱ መጥቶ ኀይሉን ሳያቋርጥ ሥራው አይጀመርም፤ እርጥብ ገመድ ኤሌክትሪክን ወደ ሰው ያደርሳልና። በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ከቀረ ዛፍ ሥርም ማንም አይግባ።

እንግዲህ የመምህራን ድርሻ ቁመት መለካትን ማስተማር፥ ዛፍ በሚቆረጥበትም ቀን ሕፃናትን ማራቅ ነው። የሽማግሎች ድርሻ ደግሞ ለደቦ የተሰበሰቡትን ጐልማሶች ማዘዝ ነው። ነፋስ በበረታበትና ዝናብ በዘነበበት ቀን፥ ሥራው ይደር ብሎ የሚከለክል አንድ የተከበረ ሽማግሌ ከብዙ ገመድ ይበልጣል። የዘገየ ዛፍ ነገ ይቆረጣል፤ የጠፋ ሰው ግን በነጋታው አይገኝም።